ከሰማይ የወደቀው ብረትና የእኔ ምርኩዝ

ድንጋይ እግር የለውም። እግር ከሌለው አይሸሽም፤ ካልሸሸ ጠባቂ አያሻውም። እኔ እንግዲህ የተማርኩት ጥቂት ነው፤ ይህን ግን ማንም ሳያስተምረኝ አውቃለሁ። ይህችን የምታህል ቀላል ነገር ለቤቴ ሰዎች ማስረዳት አቅቶኝ ነው ሰላሜን ያጣሁት፤ ኋላም በዚሁ ምክንያት በነጭ ጋቢዬ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄጄ በደወል ጩኸት መካከል የቆምኩት። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ሰዎች አጣመው ሳይነግሯችሁ።

በአውሮፕላን ወለል ላይ ተደራርበን ከአዲስ አበባ በመጣን በዓመቱ ነው። እኛ የምንኖረው አሽቀሎን ከተማ፣ ሺምሾን ሰፈር ነው። አገር ቤት ሳለሁ ጎንደር ዙሪያ ብረት ቀጥቃጭ ነበርኩ። ማረሻ ብትሉ፣ ማጭድ ብትሉ፣ የእኔን የእጅ ሥራ ያልያዘ ገበሬ አልነበረም። እዚህ ግን ማረሻ የሚያሠራ ሰው የለም። የሥራ ቢሮው ልጅ ጢሜን አየና «ሳባ፣ አንተ እረፍ» አለኝ። ሳባ ማለት አያት ማለት ነው። እኔም አርፌ ስቀመጥ ሰው ሁሉ ሥራ የፈታሁ መሰለው፤ ሽማግሌ ላከብኝ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ለልጄ ለትርንጎ ነው። ትርንጎ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ የሰው አባትና እናት ስታጥብና ስታጎርስ ውላ ትመጣለች። የጠየቃት አድማሱ የሚባል ልጅ ነው። ወላጆቹ እዚሁ አሽቀሎን፣ ራማት ኤሽኮል ሰፈር ናቸው። አባቱን ጋሼ ወርቁን አገር ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሸማኔ ነበር። ደህና ሰው ነው፤ ነገር ግን ሸማኔ ነውና ወሬውን እንደ ድሩ አርዝሞ ነው የሚዘረጋው።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሾሜር ነው» አለ ጋሼ ወርቁ። «ዘበኛ።»

«የባንክ?»

«የሙዚየም። ኢየሩሳሌም ነው ያለው፤ ሰንበት ሰንበት ይመጣል።»

«ወርቅ ነው የሚጠብቀው?»

ጋሼ ወርቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድንጋይ ነው።»

«ምን ያለ ድንጋይ?»

«ከሰማይ የወደቀ።»

ሌሎቹን ሽማግሌዎች አየኋቸው። ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። እኔም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ልምከርበት» ብዬ ሸኘኋቸው።

ሁለተኛ ሲመጡ ዘር እንቁጠር አልኩ። በእኛ ወግ እስከ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ሥጋ የሚገናኝ ከሆነ ጋብቻ የለም። አዋቂዎች ተቀምጠው ቆጠሩ። በእውነቱ ከወደ ላይ አንዲት የምትጠረጠር ሴት ተገኝታ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ሲጣራ የሌላ መንደር ሰው ሆና ቀረች። የሞተ ሰው እንኳ ሊረዳኝ አልፈለገም።

ከዚያ በኋላ ምክንያት አለቀብኝ። ይህን ስታይ ባለቤቴ ያልጋነሽ ጀመረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህችን ልጅ ለማን ልታስቀምጣት ነው?»

«ለሚሠራ ሰው።»

«ይሠራል አሉህ እኮ።»

«ቆሞ መዋል ሥራ ነው?»

«አንተስ ተቀምጠህ አይደል የምትውል? እሱ ቢያንስ ቆሟል።»

ሴት እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ወንድ ልጅ ወደ ደጅ ወጥቶ የአየሩን ሁኔታ ያያል። እኔም ወጥቼ አየሁ። ፀሐይ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረችኝ ግን ራሷ ትርንጎ ናት። ትርንጎ ስትኮራ በዕብራይስጥ፣ ስትቀልድ በሁለቱም ነው የምታወራው። የዚያን ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመችና በጥሩ አማርኛ እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ አንተ እሺ ሳትል አልሄድም። እሱን ትቼ ግን ሌላ አላገባም። ምክንያት ካለህ አይተህ ጥላው እንጂ ሳታየው አትጣለው።»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር የልጅቷ አባት ተነስቶ ሄዶ፣ ሳይታይ፣ ልጁ ሲያርስ ያየዋል። በሬውን እንዴት እንደሚመልስ፣ ሲደክመው ማንን እንደሚሳደብ ያያል። እኔን ራሴን አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና ከዋርካ ጀርባ ቆመው ወናፍ ስነፋ ነው ያዩኝ። ውሎዬን አይተው፣ ምንም ሳይሉ ሄደው፣ «ክንዱ ደህና ነው፤ አፉን አልሰማሁትም» ብለው ልጃቸውን ሰጡኝ። እንግዲያስ እኔም ሄጄ አየዋለሁ አልኩ። ድንጋይ ሲጠብቅ። የት እንደሚደክመው ለማየት።

ኢየሩሳሌም ስለሆነ የምሄደው ነጭ ለበስኩ። ምርኩዜንም ያዝኩ። ይህ ምርኩዝ እንደ ዋዛ እንጨት አይደለም፤ ጫፉ ላይ ያለውን ብረት ራሴ ቀጥቅጬ ያለበስኩት ነው። ከአገሬ ይዤ የወጣሁት የእጄ ሥራ እሱ ብቻ ነው።

በማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው ሳልታይ ልሳፈር ስል ማንን ላገኝ ጥሩ ነው? ጋሼ ወርቁን። ጉልበቱን ሊታይ ወደ ሐኪም ይሄዳል።

«እንዴት አደሩ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«ይመስገን። ነጭ በነጭ ሆነው ወዴት ነው?»

«ኢየሩሳሌም። ለበረከት።»

«ማለፊያ። ብቻዎን?»

«በረከት ብቻውን ነው የሚቀበሉት።»

ጋሼ ወርቁ ምርኩዜን አየ፣ ጋቢዬን አየ፣ ጢሙን አሻሸ። ሸማኔ ክር እንዴት እንደሚሄድ ያውቃል። «በረከቱ ይድረሰን» አለና ሄደ።

አውቶቡሱ ዳገቱን መውጣት ሲጀምር ከፋኝ፤ አልደብቃችሁም። አባቴ ዕድሜ ልኩን ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አድርጎ ነው የጸለየው። እሱ ያላያትን ከተማ እኔ የምገባባት አንድ ጎረምሳ በደንብ መቆሙንና አለመቆሙን ለማጣራት ነው። እግዚአብሔር ግን የአባትን ልብ ያውቃል ብዬ መስኮት መስኮቱን እያየሁ ሄድኩ።

ሙዚየሙን ጠይቄ ጠይቄ ደረስኩ። በሩ ላይ አንድ ወፍራም የሩሲያ ስደተኛ ቆሟል፤ እሱም እንደኔ አዲስ ነው፤ ዕብራይስጡ ከኔ ቢሻል በጥቂት ነው። «ኔሼክ?» አለኝ። መሣሪያ ይዘሃል ወይ ማለቱ ነው። እኔም ጢሜን አሳየሁት። ሳቀና አሳለፈኝ። ምርኩዜን አላያትም። ሽማግሌ እጅ ላይ ያለ ምርኩዝ እንደ ሦስተኛ እግር ነው፤ እግር ደግሞ አይፈተሽም።

ውስጡን ብታዩት የጉድ ነው። ነብር ገድለው ገለባ ሞልተው አቁመውታል። በእኛ አገር የነብር ቆዳ ለጀግና ነበር፤ እዚህ ለገለባ አለበሱት። የማላውቀው ትልቅ አውሬ አጥንት ብቻውን ቆሟል፤ ሥጋውን ማን እንደበላው የሚናገር የለም። ይህን ሁሉ እያለፍኩ ድንጋዮቹ ካሉበት አዳራሽ ገባሁ።

አዳራሹ ጨለም ያለ ነው። ትንንሾቹ ድንጋዮች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ናቸው። መሐል ላይ ግን አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር፣ የተኛ ጥጃ የሚያህል፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ ተቀምጦ መብራት በርቶበታል፤ ዙሪያውን ወፍራም ገመድ ዞሮበታል። ከገመዱ አጠገብ አንድ የአገሬ ልጅ ቆሟል፤ የአባቱ የጋሼ ወርቁ ቁርጥ ስለሆነ አድማሱ መሆኑን አወቅኩ። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል፤ በወገቡ መነጋገሪያ ሬዲዮ ታጥቋል።

እኔም እንደ አማቴ ልሆን አንድ የመስታወት ሣጥን ጀርባ ተደበቅኩ። እንግዲህ አማቴ የተደበቁት በቀን፣ ከዋርካ ጀርባ፣ አቧራ በመሰለ ሸማ ነው። እኔ ደግሞ በጨለማ ቤት፣ ከመስታወት ጀርባ፣ ሳሙና በጨረሰ ነጭ ጋቢ። እንደ ፋኖስ በራሁ ማለት ነው። ሊጎበኙ የመጡ የትምህርት ቤት ልጆች ድንጋዩን ትተው እኔን ከበቡኝ። ጢሜን፣ ምርኩዜን፣ ጋቢዬን በተራ ያያሉ። ከሙዚየሙ ዕቃ አንዱ መስያቸዋለሁ። ዝም ብዬ ቆምኩ፤ ብንቀሳቀስ የሚደነግጡ መሰለኝ። አንዲት ትንሽ ልጅ ጋቢዬን ልትነካ እጇን ስትዘረጋ መምህርቷ «አሱር» ብላ ቆጣች። መንካት ክልክል ነው ማለቷ ነው።

ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። አገር ቤት ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» እያሉ ነበር የሚጠሩን፤ እኛ በኦሪት ሕጋችን ንጽሕና ስንጠብቅ፣ ሌላ ሰው ከነካን ሳንታጠብ ቤት ስለማንገባ። ያን ጊዜ ስድብ ነበር። ኢየሩሳሌም ስመጣ መንግሥት ራሱ መምህር ቀጥሮ አስከበረልኝ።

ስስቅ አድማሱ ዞሮ አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። እየሮጠ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

«አባባ፣ ደህና ነዎት? ምን ሆነው መጡ? ሰው ታሞ ነው?»

«ሁሉም ደህና ነው። ሥራህን ላይ ነው የመጣሁ።»

«ወንበር ላምጣልዎት?»

«አንተ ቆመህ እኔ ልቀመጥ? ድንጋዩን አሳየኝ።»

ወደ መሐል ሄድን። ልጆቹም ተከተሉን፤ እየተራመድኩ መሆኔ ደስ ብሏቸዋል።

«ይህ ነው?»

«ይህ ነው አባባ።»

«ከሰማይ?»

«ከሰማይ። ብረት ነው። አስጎብኚዎቹ ሲያስረዱ ቆሜ ስለምሰማ ሁሉንም አውቄዋለሁ።»

ቀረብ ብዬ አየሁት። ጥቁር ነው፤ ላዩ በሙሉ የተጎደጎደ፣ ሊጥ ላይ አውራ ጣታቸውን ደጋግመው የጫኑበት ይመስላል። ሳየው ነገሩ ገባኝ። ድንጋይ ከእሳት ገብቶ ብረቱ ሲወጣ፣ ከሥር የሚቀር ጥቁር ዝቃጭ አለ። ለምንም አይሆንም፤ ይጣላል። ልክ እንዲህ ነው። ልክ እንዲህ የተቦደሰ፣ ልክ እንዲህ የጠቆረ።

«ልጄ፣ ተታለሃል» አልኩት። «ይህ የብረት ዝቃጭ ነው። አባቴ ከቤታችን ኋላ የጣለው ቢሰበሰብ ይህን አዳራሽ ሞልቶ ይተርፋል። እኛ ብናውቅ ኖሮ ገመድ እናዞርበት ነበር።»

«አይደለም አባባ። ተመራምረውበታል።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተመራምሬበታለሁ፤ ያውም እጄን እያቃጠለኝ። ገመዱን ከፍ አድርግልኝ፤ ልንካው።»

«አይቻልም።»

«አንዴ ብቻ። ሰው አያየንም።»

«አባባ፣ አይቻልም።»

«ልጄን እየጠየቅህ ገመድ ትከለክለኛለህ?»

አንገቱን ደፋ። ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም። «ልጅዎን የጠየቅሁት በቤት ነው። ገመዱ የሥራ ነው።»

ጉልበቴን ስሞ ገመድ ከለከለኝ። ተናደድኩ ልበላችሁ? ተናድጃለሁ። ግን ከንዴቱ ሥር አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ አልመረመርኩትም። ሐሳቤ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነው፦ ይህ ነገር ዝቃጭ ከሆነ፣ ልጄን የጠየቃት ሰው ቆሻሻ ጠባቂ ነው፤ ሽማግሌዎቹን በንጹሕ ልብ እምቢ እላቸዋለሁ፤ ትርንጎም አይቼ ነው የጣልኩት፣ አትወቅሰኝም። ዝቃጩን ከብረት መለየት ደግሞ ቀላል ነው። በብረት መታ ታደርገዋለህ፤ ብረት ከሆነ ይዘፍናል፤ ዝቃጭ ከሆነ ያስላል። ይህን ለማወቅ ምሁር አያስፈልግም።

አንዱ ተማሪ የመስታወት ሣጥን ላይ ሊወጣ ሲል አድማሱ ዞሮ ጠራው። እኔም ምርኩዜን በገመዱ ላይ አሻግሬ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሰው በር፣ መታ አደረግኩት።

ዘፈነ።

ስነግራችሁ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ወፍራም ነው፤ ከሥር የሚመጣ፤ ከቆየ በኋላም በምርኩዙ በኩል እጄ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ዝቃጭ እንዲህ አይልም። ክርክሬ ሁሉ በዚያች አፍታ እንደ ወናፍ ተነፈሰ። ግን ለማዘን ጊዜ አላገኘሁም፤ ድንጋዩ ሲነካ የሚጮህ ደወል ነበረውና ቤቱ በሙሉ መጮህ ጀመረ። ቀይ መብራት ይዞራል። የውጭ በሮቹ በራሳቸው ተዘጉ። ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው በደስታ ይዘላሉ። መምህርቷ ትቆጥራቸዋለች፤ ስትጨርስ እኔንም ቆጠረችኝ። ሩሲያዊው ከበሩ ሮጦ መጥቶ የሚይዘው ሌባ ቢያጣ ያንን ገለባ የተሞላ ነብር ተደግፎ ይተነፍሳል።

አድማሱ ምርኩዜን ያዘ።

«አባባ፣ ይልቀቁት።»

«ምርኩዜን?»

«ምርኩዙን።»

ከእጄ ወሰደው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ ላይ ብረት የወሰደ ሰው አልነበረም።

ወዲያው የድንጋዮቹ ኃላፊ መጣች። ቀጭን ሴት ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔን አየች፤ ምርኩዙን አየች፤ ከዚያ ከጓዳ ትልቅ ጨርቅ አምጥታ ድንጋዩን ሸፈነችው። አገር ቤት ቀጥቃጭ ሲያልፍ ዓይናችንን ፈርተው ሕፃናቸውን ይሸፍኑ ነበር። ባሕር ተሻግሬ መጥቼ ብረት ሸፈኑብኝ።

ከዚያ ቢሮዋ ወሰደችን። እኔ ተቀመጥኩ፤ አድማሱ መሐላችን ቆሞ ያስተረጉማል።

«ማን ነው የመታው? ብላለች» አለኝ።

«ልጆቹ ናቸው በላት።»

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት።»

«አማርኛ ትሰማለች?»

«አትሰማም። እኔ ግን እሰማለሁ።»

ምን ትሉታላችሁ እንዲህ ያለውን? «እሺ፤ እኔ ነኝ በላት» አልኩ። «ዝቃጭ መስሎኝ ነው በላት። ብረት ቀጥቃጭ ነኝ፤ የማላውቀውን ብረት ሳልመታ ማለፍ አልችልም በላት።»

ሁሉንም ነገራት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ መነጽሯን አደረገችና ከመሳቢያ አንድ ነገር አወጣች። ከዚያው ዓይነት ብረት የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ነው፤ እንደ መስታወት ተወልውሏል። እጄ ላይ አስቀመጠችው። ራሷ። ያለ ገመድ።

ውስጡ መስመር ነው። ወዲህም ወዲያም የሚሻገር፣ እንደ ሸማ ጥለት የተጣራ። በእሳትና በመዶሻ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም። ሞክሬያለሁ ብል ውሸት ነው፤ አንድ ሰው ሞክሯል ቢሉኝም አላምንም። አድማሱ ሴትዮዋ የምትለውን ይነግረኛል፦ ይህ ብረት ሰማይ ቤት ሳለ ቀልጦ ነበር፤ ሲበርድ ግን ቀስ ብሎ፣ እጅግ ቀስ ብሎ፣ ዘመን ከዘመን እየተተካ ነው የበረደው፤ መስመሩ የመጣው ከዚያ ነው።

«እኛ አገር ብረት እንዲህ ቀስ ብሎ ቢበርድ» አልኩ፣ «ማረሻ ያዘዘው ሰው የልጅ ልጅ መጥቶ ነው የሚረከበው።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ቁራጩን መለስኩላት። «ዝቃጭ አይደለም በላት» አልኩ። «ተሳስቻለሁ።» ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ባለቤቴ ከአፌ ሰምታት አታውቅም። በአስተርጓሚ ስለሆነ ቀለለኝ።

በዚህ ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ስል ሴትዮዋ ፊቷን ወደ አድማሱ መለሰች። ድምጿ ተለወጠ። አጭር አጭር ነገር ትናገራለች። እሱ ይሰማል እንጂ አያስተረጉምልኝም።

«ምን አለች?»

ወገቡ ላይ ያለውን ሬዲዮ መፍታት ጀመረ።

«ምን አለች ብዬሃለሁ።»

«በእኔ ሰዓት ነው የተመታው፤ ዞር ብዬ ነበር። ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ።»

አያችሁ? እኔ ከአሽቀሎን የተነሳሁት የዚህ ልጅ ሥራ ሥራ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ሥራ ያልሆነ ነገር ግን ከሰው ላይ አይነጠቅም። ሲነጠቅ አየሁት። ልጁም መሬት መሬት ያያል እንጂ «እኚህ ሽማግሌ ናቸው ያጠፉኝ» አይልም። ልጄ ትርንጎ ቤት ሆና ትጠብቃለች፤ አይተህ ጣለው ያለችኝ። አየሁት፤ ጣልኩትም፤ ግን እንዲህ እንድጥለው አልነበረም ያለችው።

ተነሳሁ። ምርኩዝ የለኝም፤ ጠረጴዛዋን ተደገፍኩ።

«ንገራት» አልኩት። «ገመዱን ከፍ አድርግልኝ ብለው እምቢ አለኝ። ሽማግሌ ነኝ ብለው ጉልበቴን ስሞ እምቢ አለኝ። ዋሽልኝ ብለው አልዋሸልኝም። ምርኩዜን ቀማኝ። ዞር ያለው ልጅ እንዳይወድቅ ነው፤ መስታወት ላይ ሊወጣ የነበረውን። ከዚህ የበለጠ ዘበኛ የምታመጣው ከየት ነው? ሁሉንም በላት፤ አንዱን እንዳታስቀር።»

ስለራሱ መሆኑ አፍሮ እየቆራረጠ ነገራት። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ለምንድን ነው እንዲህ የሚሟገቱለት? ብላለች» አለኝ። «እርስዎ የእሱ ምን ነዎት? ብላለች።»

«አማቼ ነው በላት።»

አድማሱ አፉን ከፈተ። እስካሁን እንደ ወራጅ ውሃ ሲያስተረጉም የዋለ ልጅ ደረቀ።

«ማ ሁ አማር?» አለች ሴትዮዋ። ምን አለ ማለቷ ነው።

አድማሱ እኔን ያያል። ዓይኑ ውሃ ሞልቷል።

እኔ ዕብራይስጥ አልችልም። ግን አሽቀሎን ውስጥ ሠርግ የማይጠራ ሰው የለምና አንዲት ቃል ተምሬያለሁ። ጣቴን ወደ እሱ ቀሰርኩ፣ ከዚያ ደረቴን መታሁና «ኻታን» አልኩ። ሙሽራ፣ የልጄ ባል።

ሴትዮዋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። «መዛል ቶቭ» አለች። እንኳን ደስ ያላችሁ። ከዚያ ለአድማሱ ነገ በሰዓቱ እንዲመጣ ነገረችው፤ ለእኔ ደግሞ ምርኩዜን ከዛሬ በኋላ በር ላይ እንዳስቀምጥ። ሩሲያዊው ሲሰማ መጥቶ እጄን ጨብጦ ወዘወዘኝ፤ በሩሲያኛ ብዙ መረቀኝ መሰለኝ፤ ስድብም ከሆነ በሳቅ ነው።

አድማሱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ሸኘኝ። ምርኩዜን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው የሚሄደው። ሲደርስ ሰጠኝና አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ ያሉት ነገር… ለሥራዬ ብለው ከሆነ፣ እኔ አልሰማሁትም። ለማንም አልናገርም።»

መውጫ ሰጠኝ፤ አያችሁ። በሩን ከፍቶ ቆመልኝ። ለዚህኛው ገመድ አልነበረውም። እኔ ግን በተከፈተልኝ በር መውጣት አልወድም።

«እኔ ለዚያች ሴትዮ የምዋሽ ይመስልሃል?»

«ቅድም ልጆቹ ናቸው በላት ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ያ ሌላ ነው» አልኩት። «ሂድ፤ ድንጋይህ ብቻውን ነው።»

አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ ነው የሠራሁት ሥራ የታየኝ። በወጋችን የወንድ ወገን ነው የሚመጣው፤ የሴት ወገን ቤቱ ተቀምጦ ይለመናል፤ ይኮራል፤ ያመላልሳል። እኔ ግን ወንዱ ካለበት አገር ድረስ ሄጄ፣ ቆሜ፣ በምስክር ፊት፣ በሁለት ቋንቋ አማቼ ነው አልኩ። እንዲህ ያደረገ አባት ከዘር ቆጠራው ውስጥ አንድም አልተገኘም። ቢሆንም አሽቀሎን ማንም አያውቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አድማሱን እንደሆነ አምነዋለሁ፤ አይናገርም።

እሱ አልተናገረም። ሩሲያዊው ነው። ያች መምህርት ልጆቿን ይዛ ከዚያው ከሺምሾን ትምህርት ቤት እንደመጣች ማን ነገረኝ? በር ላይ ልጆቹን ስታስወጣ እጁን እያወናጨፈ ሁሉን አውርቶላታል። የእነሱ አውቶቡስ ከእኔው ቀድሞ ገባ፤ ልጆቹም ለእናቶቻቸው፣ እናቶቻቸውም ለያልጋነሽ። ወሬ ፌርማታ ላይ አይጠብቅም።

ደጄን ስከፍት ያልጋነሽ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለገዛ ልጅህ ሽማግሌ ሆነህ ሄድክ አሉ።»

«ሥራውን ላይ ነው የሄድኩ።»

«ታዲያ አየኸው?»

«አየሁት። እንደ ቋጥኝ የቆመ ልጅ ነው። አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ዘበኝነት ከባድ ሥራ ነው።»

ትርንጎ ከጓዳ እራቴን ይዛ መጣች። ልታየኝ አልቻለችም፤ እያየችኝ መሳቅ ነውር ሆኖባት፣ ሳህኑን አስቀምጣ ግንባሬን ስማ ሮጠች።

ሰንበት እንደወጣ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ወርቁ ከነሽማግሌዎቹ ነው። እኔም የቀረችኝን ክብር ልጠብቅ ቆርጬ ነበር። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምን፤ የልጅቷ አባት ተቀመጡ ካላለው አይቀመጥም፤ ተቀመጡ ማለት ደግሞ ነገሩን ግማሽ መንገድ ማድረስ ነው። ስለዚህ አላስቀምጣቸውም፤ እስኪደክማቸው ይለምኑኛል፤ ነገም ተመለሱ እላቸዋለሁ። ወንበሬ ላይ ተደላድዬ፣ ምርኩዜን በጉልበቴ መሐል አቁሜ፣ ፊቴን ኮስተር አደረግኩ።

«በሰላም ነው? ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?» አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።

ጋሼ ወርቁ ጋቢውን አስተካከለ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን ያያሉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

«እንግዲህ» አለ ጋሼ ወርቁ፣ «እርስዎ ክብርዎን ዝቅ አድርገው፣ ኢየሩሳሌም ድረስ ወጥተው፣ በሰው ፊት ልጃችንን ጠይቀውናል። እኛም አልቸኮልንም፤ ዘመድ ሰብስበን መከርን፤ ዘርዎንም ቆጠርን፤ ሰውዬው ትንሽ እጃቸው አያርፍም እንጂ ደህና ሰው ናቸው ተባባልን። እና እሺ ልንልዎት ነው የመጣነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ያልጋነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨምራ ስትስቅ ይሰማኛል።

ሽማግሌዎቹን አየኋቸው። ቆመዋል፤ ጠበቁኝ። የምለው ነገር ፈለግኩ፤ ከዚህም ከዚያም መታ መታ አደረግኩ፤ አንዱም አልዘፈነልኝም።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።